የጀልባ ማዞሪያ መሪ ድሬዳዋ ላይ መሥራት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እኔ ድሬ ሳቢያን ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፣ በርና አልጋ ነው የምሠራው። አጎቴ ጅቡቲ ኦቦክ ላይ ያረጀ የእንጨት ጀልባ ገዝተው መሪው፣ ማለት ከኋላ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀልባውን የሚያዞረው ሰሌዳ፣ በስብሶ ግማሹ ወድቋል፣ አንተ ሥራልኝና በመኪና ላክልኝ አሉኝ። የላኩልኝ ፎቶና ቁመቱን ብቻ ነው። ከአንድ ሰፊ የዋንዛ ጣውላ ቆርጬ በበር ማጠፊያ ብገጥመው ያስኬዳል ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንጨቱን ድሬ ሥራው፣ ለብረቱ ግን ጀልባው ጋ ሳትደርስ አንድም ቀዳዳ እንዳትበሳ። መሪ እንደ በር ነው የሚዞረው፣ ጀልባው ላይ ያሉት ቀለበቶችና መሪው ላይ ያሉት ፒኖች ሁሉም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ካልዋሉ ይከብዳል፣ ይነክሳል፣ ቆይቶ ብረቱን ይሰብረዋል፣ ያረጀ ጀልባ ደግሞ መሪው የሚሰቀልበት የኋላ ቋሚው ሊጎብጥ ይችላል፣ ፎቶ ይሄን አያሳይህም። አጎትህን አሮጌውን መሪ ከነቁርጥራጩ እንዲልኩልህ ለምናቸው፣ እንዳይጥሉት! ኮምፔንሳቶ ላይ ደርድረህ ዙሪያውን አስምር። ከቋሚው ጋር የሚገጥመውን ጎን ደግሞ እዚያው ሆነው በቀለበቶቹ መሃል ሲባጎ ወጥረው በካርቶን ያንሱት።

አንድ ሰፊ ጣውላ የምትለውን ተወው፣ ውሃ ሲጠጣ ይጣመማል። ጠበብ ጠበብ አድርገህ ሰንጥቀው፣ የዓመት ቀለበቱን አንዱን ወደዚህ አንዱን ወደዚያ እያገላበጥክ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚደርቅ ማጣበቂያ) አጣብቀው፣ ነጩ ኮላ ባህር ውስጥ አይቆይም። የድሬ ሙቀት እዚህ ጋ ይጠቅምሃል፣ ኢፖክሲ የሚይዘው እርጥበቱ ከ15 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ላይ ነው፣ ስለዚህ ደርቆ እያለ በኢፖክሲና በፋይበር ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ሸፍነው፣ ዋንዛ ራቁቱን ከገባ ያብጣል የባህር ትልም ይበላዋል። የፊት ጠርዙን አክብበው፣ የኋላውን በመላጊያ እያሳሳህ ሄደህ 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ አቁመው።

የበር ማጠፊያ በፍጹም አይሆንም። ጨው ውሃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት ከተነካካ ደካማው ይበላል፣ ስለዚህ ጀልባው ላይ ያለው ቀለበት ነሐስ (ብሮንዝ) ከሆነ ፒኑም ብሎኑም ነሐስ ይሁን። ናስ (ብራስ) ግን አይደለም፣ ውስጡ ያለውን ዚንክ ባህሩ እየበላው ተሰባሪ ይሆናል። ስቴንለስ ይሻላል የሚልህ ይኖራል፣ እሱም እርጥብ እንጨት ውስጥ ተቀብሮ አየር ሲያጣ ሳታየው ይጎደጎዳል። አሮጌዎቹን ብረቶች ቶርኖ ቤት ውሰዳቸው፣ ድሬ ላይ በምድር ባቡሩ ጊዜ የሠሩ እጃቸው የማይታማ ሰዎች አሉ፣ አሳያቸው። የታችኛው ፒን ከላይኛው ትንሽ ይርዘም በላቸው፣ መሪውን ውሃ ላይ ሆነው ሲሰቅሉ መጀመሪያ የታችኛው ይገባል ከዚያ የላይኛውን ማግኘት ይቀላል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማስገባት ፈተና ነው። እንጨት ስለሚንሳፈፍም መሪው ወደ ላይ ተነስቶ እንዳይወልቅ ከላይ ማገጃ ያስፈልገዋል።

ከዚያ አቦ መኪናው ላይ ጭነህ ብቻ አትላከው፣ ኢፖክሲህንና ድሪልህን ይዘህ አብረህ ውረድ። ጀልባው ላይ ለክተህ ምልክት አድርግ፣ ቀዳዳውን ከብሎኑ ሰፋ አድርገህ ብሳ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ድፈነው፣ ሲደርቅ መሃሉን በብሎኑ ልክ እንደገና ብሳው፣ እንዲህ ከሆነ ውሃ በብሎኑ በኩል እንጨቱን አያገኘውም። ከውሃ በታች የሚውለውን ቀለም እዚያው ጅቡቲ አጎትህ ይግዙ።