በእንግሊዝ ገጠር ለምትኖሩ፦ ስለ ወንጀልና ደኅንነት የጠየቃችሁን

በሥራ ምክንያት ከለንደንና ከበርሚንግሃም ወጥተው ወደ ሊንከንሻየር፣ ኖርፎክና ሄርፎርድሻየር መንደሮች የሚገቡ አንባብያን የላኩልን ጥያቄ ብዙ ነው። ተደጋግመው የመጡትን አምስቱን ወስደናል።

ጥያቄ፦ ሊንከንሻየር ውስጥ 300 ያህል ሰው ወደሚኖርባት መንደር ልንዛወር ቤት አግኝተናል። የፖሊስን የወንጀል ካርታ ስናይ ግን ባለፈው ወር አራት ወንጀል ተመዝግቧል። ከሕዝቡ ቁጥር ጋር ሲሰላ ከለንደኑ ሰፈራችን በለጠብን። ልጆች አሉን። እንሂድ ወይስ ይቅርብን?

መልስ፦ በዚህ ቁጥር ብቻ አይቅሩ። በ300 ሰው መንደር በአንድ ሌሊት የሦስት ጎረቤታሞች የግቢ ዕቃ ቤት ቢሰበር፣ የሰበሩት ያው ሁለት ሌቦች ቢሆኑም፣ ሦስት ወንጀል ተብሎ ይመዘገባል። ሦስትን ለ300 አካፍለው በሺህ ሲያባዙት ከሺህ ሰው 10 ይወጣል። በሚቀጥለው ወር ምንም ካልተፈጸመ ዜሮ ይሆናል። መንደሯ ግን ያቺው ናት። ሕዝቡ ጥቂት ሲሆን አንድ መጥፎ ሌሊት የዓመቱን ሥዕል ያበላሻል።

ስለዚህ የአንድ ወር ሳይሆን የሦስት ዓመት መረጃ ይመልከቱ። ፖሊስ ነጥብ ዩኬ (police.uk) በሚለው ድረ ገጽ የመንደሯን ፖስት ኮድ ያስገቡ፣ ወር በወር ወደ ኋላ ይሂዱና በዓይነት በዓይነቱ በወረቀት ይቁጠሩ። ቤት ሰብሮ መግባት፣ የመኪና ስርቆትና ሌላ ስርቆት የሚሉትን ለብቻ ያውጡ። ለቤተሰብ ውሳኔ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። «ጥቃትና ወሲባዊ ወንጀል» የሚለው ርዕስ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። በውስጡ ግን ጉዳት ያልደረሰበት መገፋፋትና ትንኮሳም ይቆጠራል። «ጸረ ማኅበራዊ ድርጊት» የሚለው ደግሞ ለፖሊስ የደረሰ አቤቱታ እንጂ የተረጋገጠ ወንጀል አይደለም።

ሌላው ሰውን የሚያሳስተው ካርታው ላይ ያለው ነጥብ ነው። ነጥቡ የተጎጂውን ቤት አያሳይም። የሰው ማንነት እንዳይታወቅ ሲባል ወንጀሉ በአቅራቢያው ወዳለ አንድ የተመረጠ ቦታ ተወስዶ ይቀመጣል። በገጠር ቤቶች ስለተራራቁ ያ ነጥብ ከእውነተኛው ቦታ በጣም ሊርቅ ይችላል። ሊገዙት ካሰቡት ቤት ፊት ነጥብ ቢያዩ ቤቱን ወይም ጎረቤቱን አይጠርጥሩ።

ካርታው የማይነግርዎትም አለ። የማጭበርበር ወንጀል በላዩ አይወጣም። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በሚያካሂደው የወንጀል ጥናት ግን ከጠቅላላው ወንጀል 40 በመቶ ገደማ የሚይዘው እሱ ነው፤ ከተማና ገጠርም አይለይም። ገበሬዎች ደግሞ ትንንሽ ስርቆትን ብዙ ጊዜ አያመለክቱም። ይህን ለማወቅ የፓሪሽ ካውንስሉን ቃለ ጉባኤ ያንብቡ። እንደ ቀበሌ ምክር ቤት ያለ ነው፤ ቃለ ጉባኤውም ለሁሉም ክፍት ነው። የሚያማርራቸው ነገር በፍጥነት የሚያልፍ መኪና ነው፣ መንገድ ዳር የሚጣል ቆሻሻ ነው ወይስ ስርቆት፣ እዚያ ተጽፎ ያገኙታል። በአጠቃላይ የእንግሊዝ ገጠር የወንጀል መጠን ከከተማው ያነሰ ነው። ሌላው ሁሉ ከተስማማዎት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የተከራየነው ቤት በነዳጅ ታንከር ነው የሚሞቀው፤ ጓሮውም ዕቃ ቤት አለው። በገጠር ሌባ የሚፈልገው ምንድን ነው? ምን እንቆልፍ?

መልስ፦ የገጠር ሌባ በአብዛኛው የሚፈልገው ከቤት ውጭ ያለውን ነው። ኤን ኤፍ ዩ ሚውቹዋል የተባለው የገበሬዎች ኢንሹራንስ ድርጅት በ2023 የገጠር ስርቆት በመላ ዩናይትድ ኪንግደም ያስከተለውን ኪሳራ 52.8 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በ2024 ደግሞ 44.1 ሚሊዮን ፓውንድ ብሎ ገምቷል። ዋነኞቹ ባለአራት ጎማ የእርሻ ሞተሮች፣ የትራክተር ጂፒኤስ፣ መሣሪያና ከብት ናቸው። እናንተን የሚመለከተው ታንከሩና ዕቃ ቤቱ ነው።

በታንከሩ ያለው ነዳጅ እኛ ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ የምንለው ነው። ሌባው ክዳኑን ከፍቶ በፓምፕ ይስበዋል። ካልተከፈተለት ፕላስቲኩን ይበሳል፤ ይህ ከስርቆቱ የባሰ ነው። የተረፈው ነዳጅ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፣ አፈሩን ማስወጣትና ማጽዳት ከተሰረቀው ነዳጅ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ስለዚህ ክዳኑ ላይ አንገቱ የተሸፈነ ጠንካራ ጓጉንቸር ቁልፍ ያድርጉ፤ አንገቱ ክፍት የሆነው በመቁረጫ በአንድ ጊዜ ይበጠሳል። መጠኑ በድንገት ሲወርድ ቤት ውስጥ የሚጮህ በባትሪ የሚሠራ መለኪያ ይግጠሙ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን ልኩን አንብበው ይጻፉ፤ ብዙ ሰው መሰረቁን የሚያውቀው ቤቱ ሲቀዘቅዝ ነው። አጥርና ቁጥቋጦ ታንከሩን ከመንገድ ቢጋርዱት ጥሩ ነው፣ ከቤትዎ መስኮት ግን መታየት አለበት። የአቅራቢዎች ትንሹ ማድረሻ አብዛኛውን ጊዜ 500 ሊትር ስለሆነ፣ ዋጋ ሲንር ሙሉውን ከመሙላት ከፋፍለው ያስቀዱ። ኢንሹራንስዎ ስርቆቱንም ፍሳሹንም መሸፈኑን ይጠይቁ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ታንከሩ የአከራዩ ከሆነ ቁልፉን ለመቀየር በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ከፈሰሰ በውኃና በሳሙና አይጠቡት፣ ነዳጁን ወደ ቦዩ ይወስደዋል። አሸዋ ወይም አፈር ይድፉበትና ለአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ0800 80 70 60 ይደውሉ፤ ሌሊትም ይሠራል።

ዕቃ ቤቱ የሚሰበረው በቁልፉ ሳይሆን በብሎኑ ነው። የቁልፉ ማንጠልጠያ ብረት በአጫጭር የእንጨት ብሎን ከተያዘ በመፍቻ በደቂቃ ይወልቃል። ብሎኖቹን አውጥተው እንጨቱን ዘልቆ የሚያልፍ ክብ ራስ ቡሎን ያስገቡ፣ ከውስጥ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይሰሩት። ማጠፊያዎቹንም እንዲሁ ያድርጉ፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። መሣሪያዎቹ ላይ ፖስት ኮድና የቤቱን ስም በጉልህ ይጻፉ፣ የፋብሪካ ቁጥራቸውን ፎቶ ያንሱ፣ ኢሞቢላይዝ በተባለው ነጻ መዝገብ ያስገቡ። ዕቃው ተይዞ ባለቤቱ ስለማይታወቅ ብቻ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የፕላስቲክ በር ሲዘጋ አይቆለፍም። እጀታውን ወደ ላይ አንስተው ቁልፉን ካላዞሩ የያዘው አንዱ መወርወሪያ ብቻ ነው። ቁልፍ የሚገባበት ሲሊንደር ከበሩ ፊት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወጥቶ ከሆነ ተይዞ ይሰበራል፤ ቲ ኤስ 007 ባለ ሦስት ኮከብ በሚለው ይለውጡት። ለእንጨት በር ቢ ኤስ 3621 የሚል ማኅተም ያለበትን ቁልፍ ይፈልጉ። ኢንሹራንሶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ በኬር ሥራ ከመንደር መንደር ሌሊት እየነዳሁ እሠራለሁ። ብቻዬን ስለሆንኩ እፈራለሁ። ለመከላከያ ዱላ ወይም ዓይን የሚያቃጥል ስፕሬይ መኪና ውስጥ ባስቀምጥስ?

መልስ፦ እህታችን፣ እባክዎ አያስቀምጡ። ዓይን የሚያቃጥል ስፕሬይ በእንግሊዝ በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ የተከለከለ ነው፤ መያዝ ብቻውን ወንጀል ነው። ዱላም ቢሆን ፖሊስ ሲጠይቅዎ «ራሴን ለመከላከል ነው» ካሉ ያ መልስ ራሱ ዱላውን የተከለከለ መሣሪያ ያደርገዋል። የሚፈቀደው ሲሳብ የሚጮህ የኪስ ደወል ነው። አሠሪዎ ብቻውን ለሚሠራ ሰው የአደጋ ግምገማ የማድረግ ግዴታ አለበት። የመጨረሻውን ቤት ጨርሰው ሲወጡ ማን እንደሚጠብቅ፣ በስንት ደቂቃ ካልደወሉ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

ከሌባ ይልቅ እኛን የሚያስፈራን ግን መንገዱ ነው። በብሪታንያ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሞቱት በገጠር መንገድ ላይ ነው። ነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ያለበት ምልክት «ገደብ የለም» ማለት አይደለም፤ መሐሉ በአካፋይ ባልተለየ መንገድ ላይ በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 96 ኪሎ ሜትር ጣሪያ ነው። ጠባብና ጠመዝማዛ ላይ 60 መንዳት ሞት ነው፤ መብራትዎ በሚያሳይዎ ርቀት ውስጥ መቆም በሚችሉበት ፍጥነት ይንዱ። አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፈው መንገድ ላይ ማሳለፊያው በግራዎ ከሆነ ይግቡበት፣ በቀኝዎ ከሆነ ግን ትይዩው ቆመው የመጣውን ያሳልፉ፤ በቀኝ ስንነዳ የኖርን ሰዎች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አጋዘን በሜይ፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር በብዛት መንገድ ያቋርጣል፣ አንዱ ሲያልፍ ሁለተኛው ይከተላል። ፍሬን ይያዙ፣ መሪ አይጠምዝዙ። በግ፣ ላም፣ ፈረስ፣ አሳማ፣ ፍየል ወይም ውሻ ከገጩ ቆመው ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

የመንጃ ፈቃድ ነገርም አለ። የኢትዮጵያው የሚያገለግለው ነዋሪ ከሆኑ በኋላ 12 ወር ብቻ ነው፤ ያለ ፈተና ከሚለወጡት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ከዚያ በኋላ ቢነዱ ኢንሹራንስዎ ሊወድቅ፣ መኪናዎም ሊወረስ ይችላል። የፈተና ቀጠሮ ረጅም ወረፋ ስላለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ቀን ቀን ብቻዋን ነች። ሰዎች እያንኳኩ «ጣራችሁ ተበላሽቷል፣ ዛሬውኑ እንሥራላችሁ» ይላሉ። ሌቦች ናቸው?

መልስ፦ ሁሉም ባይሆኑም፣ ሳይጠሩ መጥተው የጣራ ብልሽት የሚያሳዩ ሰዎችን አለመቅጠር ነው የሚሻለው። የተለመደው አካሄድ ይህ ነው፦ ትንሽ ዋጋ ይጠራሉ፣ ጣራው ላይ ወጥተው «ባሰ» ይላሉ፣ ከዚያ ገንዘቡ በእጥፍ ያድጋል፤ ባንክ ድረስ የሚሸኙም አሉ። የበሩን ሰንሰለት ሳይፈቱ «አንፈልግም» ብለው ይዝጉ፤ ለእናትዎ ይህቺን አንድ ቃል ያስጠኗቸው። ለእንግዳ ክብር መስጠት ልማዳችን መሆኑን እናውቃለን፣ ግን እዚህ በር ላይ እምቢ ማለት ነውር አይደለም። ቤትዎ ውስጥ የተፈረመ ከ42 ፓውንድ በላይ የሆነ ውል በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። ለሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች መስመር 0808 223 1133 ይንገሩ። ሰዎቹ ካልሄዱ ወይም ካስፈራሩ ወደ አስቸኳዩ መስመር 999 ይደውሉ።

በስልክ «ከባንክ ነን፣ ከፖሊስ ነን፣ ካርድዎን ሰው ይመጣና ይወስዳል» የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ስልኩን ይዝጉና 159 ይደውሉ፤ ወደ አብዛኞቹ ባንኮች ያገናኛል።

ጥያቄ፦ ከእርሻ ዳር ሰዎች በአሮጌ ጂፕ ቀጫጭን ውሾች ይዘው ሲሯሯጡ አየሁ። ለማን ልንገር? እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው።

መልስ፦ ያዩት ምናልባት ጥንቸልን በውሻ ማሳደድ ይሆናል። ከ2004ቱ የአደን ሕግ ወዲህ የተከለከለ ነው፣ ከኦገስት 2022 ጀምሮ ደግሞ ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስራትና ጣሪያ የሌለው መቀጮ ደርሷል። ለጥንቸል ይህን ያህል ለምን ከተባለ፣ ትልልቅ ውርርድ ይያዝበታል፣ ማሳ በመኪና ይረገጣል፣ ገበሬ ይደበደባል። ሊንከንሻየር ሜዳማ ስለሆነች በጣም ትቸገራለች፤ ኦፕሬሽን ጋሊሊዮ የተባለው የፖሊስ ዘመቻም የተጀመረው እዚያ ነው። አይቅረቧቸው፣ ቀርበው ፎቶ አያንሱ። እየተፈጸመ ሳለ 999፣ ካለፈ 101 ይደውሉ። ስምዎን መስጠት ካልፈለጉ ክራይምስቶፐርስ በ0800 555 111 ይቀበልዎታል።

ሲደውሉ መጀመሪያ «ፖሊስ» ይበሉ፣ ቀጥሎ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ በስልክ ያስገቡልዎታል። ከዚያ ቦታውን፣ የሰዎቹን ብዛት፣ የመኪናውን ሰሌዳና የሄዱበትን አቅጣጫ ይንገሩ። መናገር አደገኛ ከሆነ በሞባይል 999 ደውለው ሲጠየቁ 55ን ይጫኑ፤ ይህ ወደ ፖሊስ ያሻግርዎታል እንጂ ያሉበትን ቦታ አይነግርላቸውም። የራስዎ ኔትወርክ ባይኖርም 999 በሌላ ኩባንያ ኔትወርክ ይወጣል፣ ስለዚህ «ሲግናል የለም» ቢልም ይሞክሩ።

ቦታ መንገር በገጠር ከባዱ ሥራ ነው። አንድ ፖስት ኮድ ረጅም መንገድ ሊሸፍን ይችላል፣ ብዙ ቤቶችም ቁጥር ሳይሆን ስም ነው ያላቸው። ዋት ስሪ ወርድስ የተባለው መተግበሪያ 3 ሜትር በ3 ሜትር ለሆነች ለእያንዳንዷ ቦታ ሦስት ቃል ይሰጣል፤ የእንግሊዝ ፖሊሶች ይቀበሉታል። የቤትዎን ሦስት ቃል ፊደል በፊደል በወረቀት ጽፈው ስልኩ አጠገብ ይለጥፉ። የቤቱንም ስም መብራት በሚያንጸባርቅ ሰሌዳ ከመግቢያው ምሰሶ ላይ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ እንዲነበብ አድርገው ይስቀሉ። በበጋ ቁጥቋጦው አድጎ እንዳይሸፍነው በየወሩ ይመልከቱት።