ሐይቅን ያጣው ቴስት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከወሎ የመጡት ደብዳቤዎች የተመካከሩ ይመስላሉ። ኮምቦልቻም ደሴም ወልድያም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ገጹ ላይ ዝርዝር አለ፤ አውቶማቲክ ቴስቱ (ገጹን እንደ ሰው እየነካ የሚፈትሸው ፕሮግራም) ከዝርዝሩ አንዱን ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ አያገኝም። ወይም ሌላውን ያገኛል። የረዘሙትን አሳጥሬያቸዋለሁ። ኮዳችሁን ከላይ እስከ ታች ገልብጣችሁ የላካችሁ ደግሞ፣ ለሚቀጥለው እባካችሁ ያስቸገረውን መስመር ብቻ።

«ሦስተኛውን አልኩት፣ ሌላ ከተማ ነካብኝ»

ጠያቂው ኮምቦልቻ የሚማር ተመራቂ ነው። ፕሮጀክቱ የአውቶቡስ ትኬት መቁረጫ ነው። መዳረሻዎቹ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ተብለው በመንገዱ ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ቴስቱ ሦስተኛውን ክሊክ ያደርጋል። ጓደኛው አንድ ቀን መርሳን በቦታዋ አስገባት፣ ከሐይቅና ከወልድያ መሃል። ቴስቱ የመርሳን ትኬት ቆረጠ፤ «ትኬትዎ ተቆርጧል» የሚለውን መልእክት አየና ፓስ አደረገ። ቴስቱን የጻፈው በፕሌይራይት ነው፤ እንደ ሴሊኒየም ብራውዘርን በራሱ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነው። «ፕሌይራይት ባግ (ስህተት) አለበት እንዴ?» ይላል ልጁ።

የለበትም ወንድሜ። ሦስተኛውን አልከው፣ ሦስተኛውን ሰጠህ። ባቲ ሰኞ ገበያ በርበሬ ግዛ ብለህ የምትልከውን ልጅ «ከመግቢያው ሦስተኛዋ ሴትዮ ጋ ሂድ» ትለዋለህ? አንዷ ቀድማ መጥታ ከተቀመጠች ልጁ ጨው ይዞ ይመጣል። ስሟን ነው የምትነግረው፣ ወይ የምትሸጠውን።

ቴስትም እንደዚያ ነው። መጀመሪያ «ወልድያ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ረድፍ ያዝ። ቀጥሎ በዚያ ረድፍ ውስጥ ብቻ ያለውን «ቁረጥ» የሚለውን በተን ፈልግ። ፕሌይራይት ላይ ረድፎቹን በሮል (ገጹ ላይ ባላቸው ሚና) ጠርተህ በጽሑፋቸው ፊልተር ታደርጋለህ። ሴሊኒየም ላይ ከሆንክ ኤክስፓዝ (የገጹን ክፍሎች የሚፈልግ አጻጻፍ) ይሠራልሃል፤ ሌላው የመፈለጊያ አጻጻፍ፣ መደበኛው ሲኤስኤስ፣ በጽሑፍ መፈለግ አይችልምና በእሱ አትድከም። በመጨረሻም የስኬት መልእክቱን ብቻ አይተህ አትመለስ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ከተማ ወልድያ መሆኑን ቴስቱ ያንብብ። ይህችን አንዲት መስመር ብትጨምር ኖሮ መርሳ ያኔውኑ ትጋለጥ ነበር።

በቁጥር መፈለግ ግድ ከሆነብህ አቆጣጠሩን እወቅ። ኤክስፓዝ ከ1 ይጀምራል፣ የፕሌይራይት ኤንዝ («ስንተኛው» የሚለው ትእዛዝ) ከ0። የሲኤስኤሱ ኤንዝ ቻይልድ ከ1 ይጀምራል፣ ግን ጎን ለጎን ያሉትን ኤለመንቶች በሙሉ ይቆጥራል፤ በመሃል ርዕስ ወይ ማስታወቂያ ካለ እሱም ይገባበታል። ቁጥር ተገቢ የሚሆነው ቅደም ተከተሉን ራሱን ስትፈትሽ ነው። «ርካሹ ከላይ ይውጣ» ከተባለ ዋጋዎቹን በሙሉ አንብበህ ከሚጠበቀው ድርድር ጋር ታስተያያለህ።

«ደሴ ስለው ሁለት አገኘሁ ብሎ ይጮኻል»

ከደሴ። ዝርዝሩ ውስጥ «ደሴ» እና «ደሴ ዙሪያ» አሉ። ፕሌይራይት ከአንድ በላይ ተገኘ ብሎ ይቆማል። «ፈርስት (የመጀመሪያውን ውሰድ) ብዬ ገላገልኩት፣ ልክ ነኝ?»

አይደለህም። እየጮኸ የነገረህን አፉን ዘጋኸው። ፕሌይራይት በጽሑፍ ሲፈልግ፣ ካልነገርከው በስተቀር፣ ቃሉ በከፊል ቢገኝም ይበቃዋል። «ደሴ ዙሪያ» ውስጥ ደሴ አለች። ኤግዛክት በለው፣ ወይም በሬጌክስ (የጽሑፍን ቅርጽ በሚገልጽ አጻጻፍ) መነሻና መድረሻውን እሰር። ሴሊኒየም ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ የመጀመሪያውን ነበር የሚያነሳልህ፤ ነገ ዝርዝሩ ሲገለባበጥ ደሴ ዙሪያን እየፈተሽክ ደሴን የፈተሽክ ይመስልሃል።

ኤክስፓዝ ይፈጥናል ወይስ ሲኤስኤስ?

ልዩነቱ ገጽህ እስኪከፈት ከምትጠብቀው ጊዜ አንጻር ከቁጥር አይገባም። ስታነበው የሚገባህን ምረጥ።

«በዓይኔ አየዋለሁ፣ ቴስቱ ግን የለም ይላል»

ይህን የጻፉልኝ የኮምፒውተር መምህርት ናቸው። ከተማሪዎቻቸው ጋር የወሎ ከተሞችን የሚዘረዝር ገጽ ሠርተዋል። ቴስቱ «ሐይቅ»ን ይፈልጋል፣ የለም ብሎ ፌል ያደርጋል። ከተማዋ ግን ገጹ ላይ ቁጭ ብላለች። «ኮምፒውተሩ ነው የታወረው ወይስ እኔ?» ይላሉ።

ሁለታችሁም ደህና ናችሁ። የላኩልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ዳታውን ያስገባው ልጅ «ሀይቅ» ብሎ ነው የጻፈው፣ ቴስቱ የሚፈልገው «ሐይቅ» ነው። ሌላው ደግሞ «ኃይቅ» ይላል። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ፊደላት። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ላይ ሀ ቁጥሩ 1200 ነው፣ ሐ 1210፣ ኃ 1283። ኖርማላይዜሽን የሚባለው የዩኒኮድ ሥራ ያስታርቃቸው ይሆን ብለው ተስፋ አያድርጉ፤ እነዚህን አንድ አድርጎ አያያቸውም። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው።

ክፍት ቦታም ያታልላል። አንዱ «ደሴ ዙሪያ» ብሎ በስፔስ ይለያል፣ አንዱ «ደሴ፡ዙሪያ» ብሎ በሁለት ነጥብ። ሁለት ነጥብ ዩኒኮድ ውስጥ የተመደበው ከሥርዓተ ነጥብ ጋር እንጂ ከክፍት ቦታ ጋር አይደለም። ስለዚህ የኤክስፓዙ ኖርማላይዝ ስፔስ (ትርፍ ክፍት ቦታን የሚያጠራው ትእዛዝ) አይነካውም። ከወርድ ገልብጠው ሲለጥፉ የሚመጣው የማይሰበር ስፔስም እንዲሁ ያልፈዋል።

ምን ይደረግ? እንደ ቴስቱ ዓላማ ነው።

ረድፉን ማግኘት ብቻ ከሆነ የፈለጉት፣ በስም አይፈልጉ። ለእያንዳንዱ ከተማ የማይለወጥ መለያ ይስጡት፣ ዴታ ቴስት አይዲ በሚባለው አትሪቢዩት። የስሙ አጻጻፍ ቢቀያየር መለያው አይነቃነቅም። ስሙ በትክክል መጻፉን ለማረጋገጥ ከሆነ ግን ምንም ማለዘብ አያስፈልግም። አንድ ፊደል ቢለይ ቴስቱ ይውደቅ። የሰው ስም ያለበት ዝርዝር ላይ በተለይ፤ ዓለሙ «አለሙ» ተብሎ መታወቂያ ቢወጣለት ባንክ ሄዶ የሚንከራተተው እሱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሁለቱንም ወገን ወደ አንድ ፊደል የምታመጣ ትንሽ ፈንክሽን መጻፍ ነው። ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ በሰባቱም ሆሄያት። ሀና ሃ፣ አና ኣ በድምፅ አንድ ስለሆኑ እነሱም ይጨመሩ። አለዚያ ኃይቅ ሃይቅ ሆኖ ይቀርና ሀይቅን አሁንም አያገኛትም።

አሁን የከነከነኝን ልናገር። ይህ ፈንክሽን መጀመሪያ መግባት ያለበት ቴስቱ ውስጥ ሳይሆን ድረ ገጹ ውስጥ ነው። እስቲ የገጹ መፈለጊያ ሳጥን ላይ «ኃይቅ» ብለው ይጻፉ። «ምንም አልተገኘም» ካለዎት ቴስቱ የነገረዎት እውነተኛ ባግ ነው። ሰው ከስልኩ ኪቦርድ ላይ ቀድሞ የመጣለትን ሀ ነው የሚነካው፤ ሆሄ መርጦ እንዲጽፍ አይጠበቅበትም። ቴስተሮቻችን ግን እንዲህ ሲያጋጥማቸው ቴስቱን አስተካክለው አረንጓዴ ያደርጉትና ቡና ይጠጣሉ። ተጠቃሚው ከተማውን እንዳጣ ይቀራል። ለተማሪዎችዎ ፈንክሽኗን ከማስጻፍዎ በፊት የባግ ሪፖርት ያስጽፏቸው።

«ስሊፕ ስንት ይሁን?»

አንዱ ጠያቂ ቴስቱን ዝም ብሎ የሚያስጠብቅበት ስሊፕ 5 ሰከንድ ነበር። ኔትወርክ ሲደክም 10 ሆነ። አሁን 20 ሊያደርገው ነው።

ተው አቦ! ሰዓት አትጠብቅ፣ የምትፈልገው ረድፍ እስኪመጣ ጠብቅ። ሴሊኒየም ላይ ኤክስፕሊሲት ዌይት ነው የሚባለው፤ ረድፉ በ1 ሰከንድ ከመጣ በ1 ሰከንድ ይቀጥላል። ከኢምፕሊሲት ዌይት (ለፍለጋው ሁሉ አንዴ ከሚቀመጠው መጠበቂያ) ጋር ግን አትቀላቅለው፣ የሴሊኒየም መመሪያ ራሱ ይከለክላል፤ መጠበቂያው ጊዜ ያልታሰበ ይሆናል። መብራት ለጠፋበት ቀን መድኃኒት የለኝም።

«ስቴል ኤለመንት» ምንድን ነው?

ከወልድያ። ረድፎቹን በሙሉ ሰብስባ ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጣለች፣ ከዚያ «በዋጋ ደርድር» የሚለውን ነካች፣ የመጀመሪያውን ረድፍ ልታነብ ስትል ቴስቱ ፈነዳ።

ሲደረደር ገጹ የድሮዎቹን ረድፎች ጥሎ አዳዲስ ሠራ። አንቺ የያዝሽው የተጣሉትን ነው፤ «ስቴል» (ያረጀ) የሚለውም እነሱን ነው። ከድርደራው በኋላ እንደገና ፈልጊ። የፕሌይራይት ሎኬተር (የመፈለጊያ መግለጫው) በተጠቀምሽበት ቁጥር ራሱ እንደ አዲስ ይፈልጋል፤ ሴሊኒየም ላይ ይህ ያንቺ ሥራ ነው።

የላሊበላ ሆቴሎች ዝርዝር፣ ታች ያሉት አይገኙም

ረጅም ዝርዝር የሚያሳዩ ብዙ ገጾች ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ያህል ረድፍ ብቻ ይሠራሉ። ሌላው ስክሮል እስኪደረግ ገጹ ውስጥ የለም። እየሸበለልክ ፈልግ፣ ወይም እንደ ማንኛውም እንግዳ መፈለጊያ ሳጥኑን ተጠቀም።

«የመጀመሪያውን ረድፍ አጥፋ»

ይቺን ሳነብ ደነገጥኩ። ጸሐፊዋ የምትሠራው አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው። የታካሚዎች ዝርዝር ላይ «አጥፋ» የሚለው በተን መሥራቱን የሚፈትሽ ቴስት ጽፋለች። ቴስቱ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ረድፍ ያጠፋል። የምታስሮጠው ደግሞ ክሊኒኩ በየቀኑ በሚጠቀምበት ሲስተም ላይ ነው። ጥያቄዋ «ቴስቱን እንዴት ላፍጥነው?» የሚል ነው።

እህቴ፣ አቁሚው። ዛሬውኑ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ያለው ሰው ነው፣ የመድኃኒት ታሪክ ያለው ሰው። ቴስቱን እንደገና ከመንካትሽ በፊት ዳታቤዙን ከሚያስተዳድረው ባለሙያ ጋር ተቀመጪ፤ ምን እንደጠፋ ከሎጉ ይይ፣ ከባክአፕ ይመልስ። በስልክ አይሆንም፣ በአካል ሂጂ። ለኃላፊሽም ንገሪ። የታካሚ መረጃ ጉዳይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም ይነካልና ሕግ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ። እኔ በደብዳቤ የምፈታው ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ፣ ለመፈተሻ ብቻ የሆነ የተለየ ሲስተም ላይ፣ ቴስቱ መጀመሪያ የራሱን የውሸት ታካሚ ይመዝግብ፣ ያንኑ በመለያ ቁጥሩ ፈልጎ ያጥፋ፣ ሌሎቹ ረድፎች በቦታቸው መኖራቸውንም ይቁጠር።

ሌሊት ቴስት ስጽፍ ዓይኔ ይቃጠላል

ዓይን ሐኪም አሳይ። ሌሊቱንም ተኛ።

ሴሊኒየም ልማር ወይስ ፕሌይራይት?

ሴሊኒየም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለ፤ የቆዩ ፕሮጀክቶች በእሱ የተሞሉ ናቸው። ፕሌይራይትን ማይክሮሶፍት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ለጀማሪ ይቀላል። ሥራ ልትገባበት ያሰብከው ቦታ የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቅና በእሱ ጀምር። ሁለቱንም አንድ ላይ ልጀምር ላልከው ደሴያዊ ግን፣ የላክኸው ኮድ ሁለቱን ቀላቅሏል፤ ለዚህ ነው የማይነሳው።