ለማላውቃቸው እናት ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ኮሌጅ የምማረው በአንድ ሟች ተማሪ መታሰቢያ በተቋቋመ ስኮላርሺፕ ነው። አሁን ለእናቱ የምስጋና ደብዳቤ ጻፊ ተባልኩ። ሐዘናቸውን እንዳልቀሰቅስ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። እኔም የተማርኩት በእንዲህ ያለ ገንዘብ ነው። ሦስት ቀን ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጬ ነበር። በመጨረሻ ስለ ማታ ሥራዬ ጻፍኩ። ድጋፉ ሲመጣ ሥራውን ተውኩት፤ ላብራቶሪ ውስጥ ማንቀላፋቴም ቀረ። እናትየው መለሱልኝ፦ «ልጄም ላብራቶሪ ይወድ ነበር።» ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፤ አሁንም አለኝ።

ሐዘናቸውን አንቺ አትቀሰቅሺውም፤ አብሯቸው ነው የሚውለው። ስለዚህ የልጁን ስም ጥሪው። ገንዘቡ ምን እንደሠራልሽ በዝርዝር ንገሪያቸው፤ የቱን መጽሐፍ ገዛሽ፣ የቱን ኮርስ ሳታቋርጪ ጨረስሽ። አንዱ ትምህርት ከብዶሽ ከሆነም አትደብቂ።

በእንዲህ ያለ ስኮላርሺፕ ብዙውን ጊዜ ዋናው ገንዘብ ኢንቨስት ይደረጋል እንጂ ወጥቶ አያልቅም። በዓመት ከ4 እስከ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ወጪ ይሆናል፤ እሱንም ከኢንቨስትመንቱ የሚገኘው ትርፍ ይተካዋል። ከአንቺ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎችም ይጽፉላቸዋል ማለት ነው። የአንቺ ግን የአንቺን ድምፅ ይያዝ። ናሙና ፈልገሽ አትገልብጪ። በእጅሽ ጻፊው።