ሰንሰለቱ ላላ ወይስ ረገበ?

ጥያቄ፦ ብስክሌቴን ስወስድለት ጠጋኙ «ሰንሰለቱ ረግቧል፤ ዳዶው ደግሞ ላልቷል» አለኝ። እኔ ለሁለቱም «ላላ» ነው የምለው። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ ጠጋኙ ከብዙዎቻችን የተሻለ አማርኛ ያውቃል። ላላ የጠበቀ ተቃራኒ ነው፤ ጨብጦ የሚይዝ ነገር መያዙን ሲለቅ ይላላል፦ ቋጠሮ፣ ቀበቶ፣ ብሎን። ረገበ ግን የተወጠረ ተቃራኒ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተስቦ የነበረ ነገር ነው የሚረግበው፦ የቮሊቦል መረብ፣ የፍሬን ሽቦ፣ የከበሮ ቆዳ። ወጠረ ራሱ የግዕዙ ወተረ ነው፤ ደጋን መወጠር ማለት ነው። ዐረቦችም የደጋኑን ጅማት ወተር ይሉታል። (ብሎን ላይ እየዞረ የሚጠብቀው ዳዶ ስሙ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ እዚያ ለጨዋታ የሚጣለው ዳይስም ዳዶ ነው።)

የሰንሰለቱን መሀል በጣትዎ ይጫኑት። ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከወረደ ረግቧል፤ ዘለበቶቹ ግን እንደተያያዙ ናቸው፣ የላላ ነገር የለም። ማርሽ በሌለው ብስክሌት ይህን ለማስተካከል የኋላውን ዳዶዎች አላልቶ፣ ጎማውን ወደ ኋላ ስቦ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። ለሁሉም «ላላ» የሚል ጠጋኝ ረዳቱን «ሰንሰለቱ እንዳይላላ ዳዶውን አላላው» ሊለው ነው!

«ላላ ሰፊ ቃል ነው፤ ፊደልም እኮ ላልቶ ይነበባል» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። ምሳሌው ለእኔ ያደላል። ፊደል የሚጠብቀውና የሚላላው እንደ ብሎን ነው፤ የረገበ ፊደል ሰምተው ያውቃሉ? ነገሩን ካነሱት አይቀር፣ «ይጠብቃል» ብ ላልቶ ሲነበብ የዳዶው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ የዘበኛው። ላላ ደግሞ፣ ስሙን ክዶ፣ ሁለተኛው ላ ጠብቆ ይነበባል። የዘወትር ጽሕፈታችን ይህን የሚያሳይ ምልክት ቢጠቀም ኖሮ ስንት ክርክር በቀረልን ነበር።

«ውጥረቱ ረገበ» በጋዜጣ ቋንቋ ጸንቶ መኖሩ ደስ ይለኛል። በጥገና ቤት ግን «ሰንሰለቱ ላላ» የሚለው እንደበዛ ልክድ አልችልም። ስህተት ነው ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር። ባለፈው ሳምንት የልጄን ብስክሌት ገልብጬ ሰንሰለቱን ስነካካ «ላልቷል» አልኩ፤ እሷም ሳትጠይቀኝ መፍቻውን አቀበለችኝ።