ለጋራዥ ልጆች፦ ጎማውን ከስር አስገቡ

ልጆቼ፣ ፌብሩዋሪ መጥቶ የዴይቶና 500 ቀን ሲደርስ ስልኬን ዘግቼ ቴሌቪዥን ፊት እቀመጣለሁ። ናስካር የሚባለው የአሜሪካ የመኪና እሽቅድምድም ዓመቱ የሚከፈተው በዚህ ውድድር ነው። ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ቢች፤ 200 ዙር፣ 500 ማይል። ጥምዙ ላይ አስፋልቱ 31 ዲግሪ ያጋደለ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚነዱ ይመስላል።

የማጫውታችሁ ግን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለ 2001ዱ ነው።

ዴል ኧርንሃርት 49 ዓመቱ ነበር፤ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰው። ከፊት ማይክል ዋልትሪፕ፣ ቀጥሎ የገዛ ልጁ ዴል ጁኒየር፣ እሱ ሦስተኛ። ከፊቱ ያሉት ሁለቱም የእሱን ቡድን መኪና ነው የሚነዱት። የመጨረሻው ዙር፣ የመጨረሻው ጥምዝ ላይ መኪናው ዞረና ወደ ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ገጨ። አልተገለበጠም፣ በእሳት አልተያያዘም። እኔም ቀላል ግጭት መሰለኝ። ማታ መሞቱን ሰማን።

የገደለው የራስ ቅሉ ሥር ስብራት ነው። መኪና በዚያ ፍጥነት ሄዶ ሲገጭ ቀበቶ ደረትን ይይዛል፣ ጭንቅላትን ግን የሚይዘው የለም። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አዳም ፔቲና ኬኒ ኧርዊንም በ2000 የሞቱት በዚሁ ጉዳት ነበር። አንገትን የሚይዘው ሃንስ የሚባለው መሣሪያ ያኔም ነበር። ብዙዎቹ አይመቸንም ብለው ትተውታል። ኧርንሃርትም አላደረገም።

እኔም ይሄን ጠባይ አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። አንዲት መኪና በክሪክ አንስቼ ጎማዋን ፈታሁ። የቀረኝ አንድ ቡሎን ማጥበቅ ነበር። ደጋፊ ብረቱ ያለው ጥግ ላይ ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ብዬ ማን ይሄዳል? ብቻ ልጅ ሆኜ የመጀመሪያ አለቃዬ ያስለመደኝ ነገር አለ፤ የፈታሁትን ጎማ በእግሬ ገፋ አድርጌ ከመኪናው ስር አስገባሁና ገባሁ። ክሪኩ ተንሸራተተ። መኪናው ቸርኬው ላይ አረፈ። ከፊቴ እስከ ብረቱ ድረስ አንድ ጭብጥ አይሞላም ነበር። ላብ በላብ ሆኜ ተሳብኩና ወጣሁ።

ጀማሪ ሳላችሁ እኮ ስለምትፈሩ ትጠነቀቃላችሁ። እኔ የምሰጋላችሁ እጃችሁ ሲፍታታ፣ ደንበኛ በስማችሁ ሲጠይቃችሁ ነው። ያኔም ደጋፊ ብረቱን አምጡ። ሰነፍ የሚላችሁ ካለ ይበል።

በ2001 ኦክቶበር ናስካር የአንገት መያዣውን ግዴታ አደረገ። ግድግዳዎቹም ግጭት የሚያለዝብ ብረትና ፎም ተደረገላቸው። በ2020 እዚያው ዴይቶና፣ የመጨረሻው ዙር ላይ ራያን ኒውማን እየመራ ሳለ ግድግዳ ገጨ፣ ተገለበጠ፣ ሌላ መኪና በሹፌሩ በኩል መታው። እኔ አለቀለት ብዬ ነበር። በሁለተኛው ቀን ሁለት ሴት ልጆቹን በግራና በቀኝ ይዞ ከሆስፒታል በእግሩ ወጣ።