መልስ፦ ከአሜሪካ በሚገዛ የደም ስኳር መመርመሪያ ስትሪፕ ላይ ስለሚጣል የሽያጭ ታክስ

ቱሉ ዲምቱ ለሚኖሩት እናትዎ እህትዎ ካሊፎርኒያ ውስጥ በምትገዛው የደም ስኳር መመርመሪያ ስትሪፕ ላይ ታክስ መክፈሏ ተገቢ መሆን አለመሆኑን ጠይቀዋል። አሜሪካ እንደ እኛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያለ በመላ አገሪቱ የሚሠራ አንድ ታክስ የላትም፤ የሽያጭ ታክስ የሚጥለውም ነፃ የሚያደርገውም እያንዳንዱ ግዛት በመሆኑ፣ በአንዱ ያለ ታክስ የሚሸጥ ዕቃ በሌላው ይታከሳል።

ቴክሳስ ስትሪፑን በሕጉ ውስጥ በስም ጠቅሶ ነፃ አድርጎታል። ካሊፎርኒያ ግን ነፃ የሚያደርገው ስትሪፑንና የጣት መውጊያውን የተመዘገበ ፋርማሲስት በሐኪም ትእዛዝ መሠረት ሲሰጥ ነው፤ እናትዎ የሚታከሙት እዚህ ስለሆነ ይህን ለማሟላት እህትዎ ትቸገራለች። ታክስ የከፈሉ ሸማቾች ገንዘቡ እንዲመለስላቸው ያነሡት ክርክርም እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይሳካላቸው ቀርቷል። እኔ ይህን ውሳኔ ሳነብ አዝኛለሁ፤ ጎሮ የሚኖሩት አባቴ ሃምሳ ፍሬ የምትይዘውን ትንሽ ጠርሙስ ክዳኗን ጠበቅ አድርገው፣ ፍሬዎቹን እየቆጠሩ ሲጠቀሙ ስለማይ፣ ስትሪፕ ከመድኃኒት ተለይቶ መታየቱ አይዋጥልኝም።

ስለዚህ ቴክሳስ ዘመድ ካለዎት ግዢውን እዚያ ማድረጉ ይሻላል። ከመገዛቱ በፊት ግን የስትሪፑ ዓይነት እናትዎ እጅ ካለው መለኪያ ጋር የሚስማማ መሆኑን አረጋግጡ።