እመቤታችሁን ከመዝሙሯ አስወጣሃት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ባህር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። እድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት ነው። በቅርቡ ጣና ዳር ወርደን እምቦጭ ልንነቅል ቀጠሮ ይዘናል። ስንጨርስ እዚያው ስለ ሐይቁና ስለ ሰላም በጋራ እንጸልይ ተባለ። ፕሮግራሙን አዘጋጅ የተባልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ የማርያም መዝሙር አለ፤ ዜማው ልብ ይነካል። «ማርያም» የሚለውን አውጥቼ «ፈጣሪ» ብዬዋለሁ። ከአንድ መንዙማ ላይም ነቢዩን የሚያወድሱትን ስንኞች ዘልያለሁ። እንዲህ ከሆነ ሁለቱንም ሁላችንም አብረን ማለት እንችላለን ብዬ ነው። ግጥሞቹን ልኬልዎታለሁ፤ እስቲ ያርሙልኝ።
የእድሩ ጸሐፊ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግጥሞችህን አንብቤያለሁ። አላረምኳቸውም። ንቄህ አይደለም፤ እኔም ያንተኑ ሥራ ሠርቼ ስለማውቅ ነው።

ያኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የምመታ ጎረምሳ ነበርኩ። የሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ ከረጅም ሕመም ዳነና ሰፈሩ ለምስጋና ተጠራ። እናቱ የዘጌ ቡና አፈሉ፣ ፈንዲሻው ቀረበ። እኔ ብልህ ነኝ ብዬ ማታውን አንድ የእመቤታችንን መዝሙር ስቆርጥ ስቀጥል አምሽቻለሁ። ልክ እንዳንተ «ማርያም» የነበረውን «ፈጣሪ» አደረግኩት።

መጀመሪያ ዜማው እምቢ አለኝ። «ማርያም» ስትል አፍህ ሁለቴ ነው የሚከፈተው፤ ማር፣ ያም። «ፈጣሪ» ሦስት ነው። በዚያ ላይ «ያም» ሲያልቅ ከንፈር ይገጥማል፤ ዜማውም እዚያው ያርፋል። «ሪ» ላይ ግን አፍህን ከፍተህ ትቀራለህ። እንደምንም ጎትቼ አስገባሁትና ከጓደኞቼ ጋር ዘመርነው።

እናትየው ሲኒ እያቀበሉኝ፣ «ልጄ፣ ይሄ የማርያም መዝሙር አልነበረም እንዴ? ከእናንተ ቤት ሁልጊዜ እሰማዋለሁ» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ «ለእናንተ ብዬ ቀየርኩት» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። «ለእኛ ብለህ እመቤታችሁን ከመዝሙሯ አስወጣሃት? መርየም እኛን ምን አደረገችን?» ሲኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እውነታቸውን ነው። የቁርኣን 19ኛው ሱራ በስሟ የተጠራ ነው። በቁርኣን ውስጥ በስሟ የተጠቀሰች ሴትም እሷ ብቻ ናት። ሙስሊሙ ያከብራታል፤ ግን አማልጅኝ ብሎ አይለምናትም። የእኛ መዝሙር ደግሞ ልመና ነው። እኔ ስሟን ሳወጣ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም የማይሆን ነገር ሠርቼ ነበር። ክርስቲያኑ ሲዘምረው ምላሱ በልማድ «ማር» ብሎ ይጀምርና መሐል ላይ ይደናቀፋል። ሙስሊሙም ያልፈለገውን ይቅርታ የተጠየቀ ይመስለዋል።

የቅዱስ ያሬድ ዜማ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። የዜማ መጽሐፉን ድጓን አይተህ ከሆነ ከፊደሎቹ በላይ ትናንሽ ምልክቶች አሉ። ምልክቶቹን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። ብዙዎቹ ከራሱ ከድጓው ቃል የተቆረጡ ፊደላት ናቸው። መሪጌታው ምልክቱን ሲያይ ያ ቃል ከነዜማው ይመጣለታል። እንግዲህ ቃሉን ብታወጣው ምልክቱ ምን ላይ ይቀመጣል? ያንተ መዝሙር በአማርኛ ነው፣ ምልክትም የለውም። ግን ሰው በቃሉ ያጠናው ነገር ሁሉ እንደዚያው ነው የሚሠራው።

መንዙማውንም እንዲሁ ተወው። መንዙማ ከሥሩ የነቢዩ ውዳሴ ነው። ሶለዋቱን፣ ለነቢዩ የሚወርደውን ውዳሴ፣ ከዘለልክ የቀረህ ድቤና ጭብጨባ ነው። ደግሞ ሁሉም ሙስሊም መንዙማን አይቀበልም፤ በጭራሽ አይገባም የሚሉ አሉ። አንተ ከምትመርጥላቸው የእድራችሁን ሙስሊም አባላት ጠይቅ። ምናልባት ዱዓ ይበቃናል ይሉሃል።

ታዲያ ምን እናድርግ ትለኝ ይሆናል። በ615 ዓ.ም. አካባቢ (በፈረንጆቹ) ወደ አክሱም የተሰደዱት ሙስሊሞች ንጉሡ ፊት ሲቀርቡ የሆነውን አስታውስ። የእስልምና ታሪክ እንደሚነግረን ንጉሡ ከመጽሐፋችሁ አሰሙኝ አለ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከሱረቱ መርየም ቀራ። ለክርስቲያን ንጉሥ ብሎ አንድ ቃል አልቀየረም። ንጉሡም አብሮ አልቀራም፤ አዳመጠና አለቀሰ። እኔ ብሆን ፕሮግራሙን ከዚህ ነበር የምቀዳው። ክርስቲያኖቹ መዝሙራቸውን ከነስሟ ይዘምሩ፤ ሙስሊሞቹ ያዳምጡ። ሙስሊሞቹ ዱዓቸውን ያድርጉ፤ ክርስቲያኖቹ ያዳምጡ። ከሌላ እምነት ጋር በአንድ ጸሎት መቆም አይፈቀድም የሚሉ ካህናትም ሼኾችም ብዙ ናቸው። በየተራ ከሆነ ግን ማንንም አታስጨንቅም። የሆነ ሆኖ የንስሐ አባትህን ቀድመህ አማክር።

በአንድ ድምፅ የምትሉት ነገር ካስፈለገ ግጥም አትፈልግ። ምርቃት አለልህ። አንድ አባት ከአንዱ ወገን፣ አንድ ከሌላው አስነሳ። «ዝናቡን በወቅቱ ያድርግልን፣ ጣናን ይማርልን፣ የወጣ በሰላም ይግባ» ይበሉ። ግማሹ «አሜን» ይላል፣ ግማሹ «አሚን»። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በለቅሶም በሠርግም ብዙ ምርቃት ሰምቻለሁ፤ ያቺን ፊደል አስተካክሉ ያለ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ስለ ቀኑም ላሳስብህ። ሁዳዴ ላይ ከዋለ ከበሮና ጸናጽል አይታሰብም፤ በገና የሚደረድር ካገኘህ ግን ወቅቱ ነው። ዓርብን ተወው። ጠዋት 1 ሰዓት ነቀላ ብትጀምሩ 4 ሰዓት ላይ ለጸሎቱ ትደርሳላችሁ፤ ከዙሁር (ከቀትር) ሶላትም በፊት ትጨርሳላችሁ። እና አደራ፣ ቪዲዮ የሚቀርጹትን ልጆች ተቆጣጠር። ከዱዓው 15 ሰከንድ፣ ከመዝሙሩ 15 ሰከንድ ቆርጠው ቲክቶክ ላይ ከገጣጠሙት ያንተ ልፋት ገደል ገባ። (እምቦጩን ራሱን ቢቀርጹት ምን አለ? ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ሲበላው ያየነው እሱን ነው።)

ጥያቄ፦ እኛ የወንጌላውያን መዘምራን ነን። ከሌሎች ጋር የምንዘምረው ነገር ስንፈልግ አንዷ እህታችን «የታወቀ የኦርቶዶክስ መዝሙር ዜማ እንዋስና አዲስ ግጥም እንጻፍበት» አለች። የእነሱን ቃል እስካልነካን ችግር አለው?
ሁለት እህትማማቾች፣ ከባህር ዳር

መልስ፦ አለው። ሰው ዜማውን በሰማ ቁጥር ከሥሩ የድሮውን ቃል ይሰማል። የእናንተ መዝሙር ላይ ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ምን ይሰማችኋል?

ይልቅ ከዜማው ወደ ቅኝቱ ውረዱ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የማንም ቤተ እምነት ንብረት አይደሉም። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች ናቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲያንጎራጉርባቸው ኖሯል። በአንዱ ቅኝት አዲስ ዜማ አውጡ፤ አጭር፣ አንድ ሰው አውጥቶ ሌላው የሚቀበለው ይሁን። ግጥሙ ስለ ውሃው፣ ስለ ዓሣ አጥማጁ፣ ስለ ታንኳው ቢሆን ማንም አብሯችሁ ይለዋል። ኦርጋኑን ቤት ተዉት፣ ጭብጨባ ይበቃል።

ስትጨርሱ ላኩልኝ። ያንን አርማለሁ።